የትንሽ አይሮፕላን የፊት ጎማ በማረፍ ጊዜ ስለሚያሳየው ጠባይና ስለ ማስተካከያው

በትንንሽ አይሮፕላን መብረር ከሚማሩ ጓደኞቻችን ጋር ስንጫወት ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የፊት ጎማ ነገር ነው። አንዱ «ካረፍኩ በኋላ የፊቱ ጎማ እንደሚነፋ ወንፊት ይርገበገብብኛል» ይላል። ሌላው «አፍንጫው መሬት እንደ ነካ ወደ ግራ ይወስደኛል» ይላል። አስተማሪው «እግርህ ሰነፍ ነው» ይለዋል፤ መካኒኩ ደግሞ «ማብረጃውን ቀይሬዋለሁ፤ ሌላ ምንም የለበትም» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መካከል ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ሳይለይ ተማሪው በራሱ ላይ ያለውን እምነት ያጣል፤ አይሮፕላኑም ከነሕመሙ መብረሩን ይቀጥላል።

እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው እንዲህ ባለ ነገር ምክንያት ነው። ከመካከላችን አንዱ በቆላ አገር ካለ ሜዳ ላይ መልካም አድርጎ ያሳርፍ የነበረውን አይሮፕላን ወደ ደጋ ሜዳ በወሰደው ጊዜ፣ ጎማው በየማረፉ ይርገበገብበት ጀመር። የመሣሪያው ሰሌዳ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ መርፌዎቹን ማንበብ አይቻልም ነበር። «የማሳረፍ ችሎታ ይጐድለዋል» ተብሎ ብቻውን እንዳይበር ተከለከለ። ጓደኛችን ትምህርቱን ሊተው ሲል ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተስማማን። ያገኘነውን ከመናገራችን በፊት ግን ስለ ፊት ጎማ ጠባይ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል።

የቀድሞ ትንንሽ አይሮፕላኖች አብዛኞቹ ሦስተኛው ጎማቸው ከጅራታቸው ሥር ነበር። በእነዚህ የክብደቱ ማዕከል ከሁለቱ ዋና ጎማዎች በስተኋላ ስለሚውል፣ አይሮፕላኑ ሲያርፍ ጥቂት ጠመም ካለ የገዛ ክብደቱ እየገፋ ይበልጥ ያጣምመዋል። ነጂው በፍጥነት በእግሩ ካላቀናው እንደ እንዝርት ይሾራል። ሦስተኛው ጎማ ወደ ፊት ሲመጣ ግን የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች ፊት ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት እየጐተተ አይሮፕላኑን ያቀናዋል እንጂ አያዞረውም። በአሜሪካ ፍሬድ ዋይክ የተባለው መሐንዲስ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1934 ደብልዩ-1 በተባለው ትንሽ አይሮፕላን ይህን አሠራር ካሳየ በኋላ፣ በ1937 የበረረው ኤርኩፕ አሠራሩን ለብዙዎች አስተዋወቀ። ሴስና 172 በ1956 ለገበያ ሲወጣም እንዲሁ ባለ ፊት ጎማ ነበር። ይህ ዓይነት ከአይሮፕላኖች ሁሉ በብዛት የተሠራ ስለ ሆነና ብዙ ሰውም መብረር የሚለማመደው በእርሱ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ምሳሌ የምናደርገው በይበልጥ እርሱን ነው።

ይህ ራስን የማቅናት ጠባይ ግን የሚሠራው ክብደቱ በዋናዎቹ ጎማዎች ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ይህን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ጎማው ራሱ እንምጣ። በሆስፒታል በሽተኛ የሚጓጓዝበትን ባለ ጎማ አልጋ ያየ ሰው፣ እያንዳንዱ ትንሽ ጎማ ከተሰካበት ምሶሶ ጥቂት ወደ ኋላ ተሰድሮ እንደ ተሠራ ያስተውላል። አልጋው ወደ ፊት ሲገፋ ጎማው ምሶሶውን ተከትሎ ይጐተታል፤ ስለዚህም መንገዱን በራሱ ያቀናል። የአይሮፕላን የፊት ጎማም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። አልጋው በዝግታ ሲገፋ ጸጥ ያለው ጎማ ግን አስታማሚው ሲሮጥ ግራና ቀኝ እየተወራጨ ይርገበገባል። ይህ ለምን እንደሚሆን በጥንቃቄ ካጠኑት መካከል አርተር ካንትሮዊትስ አንዱ ነው፤ ጥናቱም በ1940 በአሜሪካ መንግሥት የበረራ ምርምር ኮሚቴ ታትሟል። የነገሩ ፍሬ የሚገኘው በላስቲኩ መለመጥ ላይ ነው። ጎማው ጥቂት ሲዞር ምድርን የነካው የላስቲክ ክፍል ወዲያው አይከተለውም፤ ወደ ጎን ተለምጦ ይዘገያል። ከዚያ በኋላ ሲከተል ደግሞ ጎማውን ከመካከለኛው መሥመር አሳልፎ ወደ ሌላው ጎን ይወስደዋል። በያንዳንዱ ውርጭት ውስጥ አይሮፕላኑ ከሚሄድበት ፍጥነት ጥቂት ኃይል ወደ ጎማው ይገባል። የሚገባው ኃይል በሰበቃና በማብረጃው ከሚጠፋው ከበለጠ ውርጭቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ካነሰ ግን ይሞታል። እንግዲህ መርገብገብ ማለት በሚገባውና በሚወጣው ኃይል መካከል የሚደረግ ሚዛን ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ሚዛኑ ወደ ክፉው ወገን ያዘነብላል።

በሴስና 172 ላይ የፊቱ እግር የተሠራው በአየርና በዘይት ከሚሠራ አሞርዛተር ነው። የላይኛው ክፍል ከሞተሩ በስተኋላ ካለው ግድግዳ ጋር ተያይዟል፤ የታችኛው ክፍል ሹካውንና ጎማውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርሳቸው እንዳይዞሩ የሚያደርግ፣ ስለ ቅርጹ መቀስ የሚባል መገጣጠሚያ አለ። ከዚህ በላይ ነጂው በእግሩ የሚገፋቸው ባለ ሞላ ዘንጎች ጎማውን ወደ እያንዳንዱ ጎን 10 ዲግሪ ያህል ያዞሩታል፤ የአንድ ጎን ፍሬን ሲጨመር እስከ 30 ዲግሪ ሊዞር ይችላል። አይሮፕላኑ ተነሥቶ አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያደርግ መያዣም በውስጡ አለ። በመጨረሻ የመርገብገብ ማብረጃው ይመጣል። ይህም በዘይት የተሞላ ትንሽ ሲሊንደር ሲሆን በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፋል። ነጂው ቀስ ብሎ ሲያዞረው ዘይቱ ያለ ችግር ያልፋል፤ ጎማው በፍጥነት ሲወራጭ ግን ዘይቱ ለማለፍ ጊዜ ስለማያገኝ ይገታዋል። በኋለኛው ዘመን በዘይት ፈንታ በላስቲክ የሚሠሩም መጥተዋል።

ጥፋቱን ለማግኘት ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ምን ተበላሸ?» የሚል ሳይሆን «መቼ ጀመረ?» የሚል ነው ብለን እናምናለን። አይሮፕላኑ በሁለቱ ዋና ጎማዎች ላይ ሆኖ አፍንጫው ገና በአየር ላይ ሳለ ወደ ጎን መሄድ ከጀመረ፣ የፊቱ ጎማ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ከነፋስ፣ ከነጂው እግር፣ ወይም በዋናዎቹ ጎማዎች ላይ ካለ ነገር፣ ለምሳሌ ከሚይዝ ፍሬንና ከጐደለ አየር ነው። አፍንጫው ምድር በነካበት ቅጽበት ከጀመረ የፊቱን እግር መመርመር ይገባል። ፍሬን በተረገጠ ጊዜ ብቻ ከመጣ ደግሞ ወደ ፍሬኖቹ መሄድ ነው፤ ወይም ፍሬኑ በፊቱ ጎማ ላይ ከመጠን በላይ ክብደት እየጫነ ነው። ይህን አንድ ጥያቄ ነጂውና መካኒኩ አብረው ቢመልሱት ብዙ ገንዘብና ብዙ ቂም ይቀር ነበር።

ጥፋቱ መርገብገብ እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ ብዙዎች በቀጥታ ወደ ማብረጃው ይሄዳሉ። ይህ ለምን ስሕተት እንደ ሆነ ያስረዱን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። «ጋሼ፣ ማብረጃው አዲስ ሆኖ ሳለ ስለምን ይርገበገባል?» ብለን ብንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ ማብረጃ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛ በሩ ድረስ ያልመጣውን ሌባ አይይዝም» አሉን። አባባላቸውን ቈይተን ስናስበው ትክክል ሆኖ አገኘነው። ማብረጃው የሚገታው እርሱ ዘንድ የደረሰውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። በጎማውና በማብረጃው መካከል ያሉት ቦኮላዎችና ቡሎኖች ተበልተው ክፍተት ካላቸው፣ ጎማው በዚያ ክፍተት ውስጥ እንደ ልቡ ይወራጫል፤ ማብረጃውም አያውቅም። በመቀሱ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ምንም የምትቈጠር ክፍተት በጎማው ጠርዝ ላይ ስትደርስ በዓይን የምትታይ ትሆናለች። አዲስ ማብረጃ ሲገባ ለጥቂት ሳምንት የተሻለ ይመስላል፤ ከዚያም ያ ክፍተት እንደ መዶሻ እየቀጠቀጠ ፓራኦሊውን ያበላሸዋል፤ ዘይቱም ይፈሳል። «ደግሞ ተበላሸ» ተብሎ ሦስተኛ ይገዛል።

ስለዚህ ምርመራው ከምድር ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት አለበት። መጀመሪያ ጎማው ሳይሞቅ አየሩን መለካት ነው፤ መጠኑም በአይሮፕላኑ መጽሐፍ የተጻፈው እንጂ በግምት የሚሞላው አይደለም። አየሩ ሲጐድል ላስቲኩ ይበልጥ ይለመጣል፤ ከላይ እንደ ተናገርነው የመርገብገብ ምንጩ ይኸው መለመጥ ነው። ቀጥሎ የአይሮፕላኑን ጅራት መጽሐፉ በሚፈቅደው ቦታ ዝቅ አድርጎ በማሰር አፍንጫውን ማንሣትና ጎማውን በእጅ ማሽከርከር ያስፈልጋል። ከአጠገቡ አንድ ጠመኔ ጸጥ አድርጎ በመያዝ ክብ መሆኑና ወደ ጎን አለመወላገዱ ይታያል። በጎን እየተጐተተ ሄዶ አንድ ወገኑ የተላገ፣ ወይም ብዙ ጊዜ ቆሞ አንድ ወገኑ የተደፈጠጠ ጎማ ማብረጃ አያድነውም፤ መለወጥ አለበት። ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር ተደርጎ ሲለቀቅ ሁልጊዜ አንዱ ወገን ወደ ታች እየመጣ የሚቆም ከሆነ ያ ወገን ከባድ ነው ማለት ነውና በቸርኬው ላይ ክብደት በመጨመር ባላንስ ይደረጋል። መርገብገቡ ሁልጊዜ በአንድ የተወሰነ ፍጥነት መጥቶ ፍጥነቱ ሲያልፍ የሚጠፋ ከሆነ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን መጠርጠር ይገባል። ኩሽኔታዎቹም ተፈትተው ታጥበው ይታያሉ፤ የዘንጉ ዳዶ ላልቶ ከሆነ ጎማው በዘንጉ ላይ ይወዛወዛል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ኩሽኔታው ይቃጠላል።

ከዚህ በኋላ ወደ መቀሱ እንወጣለን። አንድ ሰው ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ ሌላው ዓይኑን ወደ መገጣጠሚያዎቹ አቅርቦ የትኛው ክፍል ሳይንቀሳቀስ የትኛው እንደሚንቀሳቀስ ይመለከታል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከምርመራው ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ይህ ነው፤ መሣሪያም አይጠይቅም። የላይኛው ክፍል ቆሞ የታችኛው ሲዞር ክፍተቱ በመቀሱ ነው፤ ቦኮላው ይለወጣል፤ የጎኑ ክፍተት ደግሞ ልኩ በተፈቀደ ሮንዴላ ይሞላል። ሁለቱም ክፍሎች አብረው ሲዞሩ የማብረጃው ዘንግ ካልተከተለ ክፍተቱ በማብረጃው ማያያዣ ቡሎን ላይ ነው። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ ብቻ ማብረጃው በአንድ ወገን ተፈትቶ ፒስተኑ በእጅ ይገፋል፤ ይሳባል። ከዳር እስከ ዳር እኩል ሊከብድ ይገባዋል። በአንድ ስፍራ ባዶ ሆኖ ሸርተት ካለ በውስጡ አየር ገብቷል፤ ዘይቱም ጐድሏል።

አሞርዛተሩም መረሳት የለበትም። አየሩ ከልክ በላይ ከተሞላ፣ አይሮፕላኑ በምድር ላይ ቆሞም እንኳ እግሩ ተዘርግቶ ይቀራል፤ በአየር ላይ ጎማውን የሚያቀናው መያዣም ስለሚይዘው በእግር ማዞር ይከብዳል። አየሩ ከጐደለ ደግሞ አፍንጫው ይደፋል፤ ፕሮፔለሩ ለምድር ይቀርባል። እዚህ ላይ እንድናስጠነቅቅ ይፈቀድልን። ከላይ የገለጽነው አንባቢ እንዲያስተውልና እንዲጠይቅ ነው እንጂ፣ መፍታትና መግጠም ፈቃድ ያለው መካኒክ በፋብሪካው መጽሐፍ እየተመራ ፈርሞ የሚሠራው ሥራ ነው። አሞርዛተር ከነአየሩ መፍታት ሰው ይገድላል።

ወደ ጎን ስለ መሳብ ብዙ የምንለው የለም። ፔዳሎቹ እኩል ሲሆኑ የጅራቱ መሪም የፊቱ ጎማም ቀጥ ማለት አለባቸው፤ ከሁለቱ ዘንጎች አንዱ አጥሮ ከተገጠመ ጎማው እንደ ተጣመመ ይወርዳል። እንደ ፓይፐር ቼሮኪ ባሉት፣ ጎማው ያለ ሞላ በቀጥታ ከፔዳል ጋር በተያያዘባቸው አይሮፕላኖች ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። በጎን ነፋስ ጊዜ ነጂው አንዱን ፔዳል ረግጦ ያርፋል፤ ፔዳሉን እንደ ረገጠ አፍንጫውን ካወረደ የተጣመመ ጎማ ምድር ይነካል፤ አይሮፕላኑም በድንገት ይታጠፋል። እዚህ የሚስተካከለው ዘንግ ሳይሆን ልማድ ነው፤ አፍንጫው ሊነካ ሲል ፔዳሉን ማቅናት ነው። እንደ ዳይመንድ ዲኤ40 እና እንደ ሲረስ ኤስአር20 ያሉት ደግሞ ጎማቸው ከፔዳል ጋር አይያያዝም፤ በነጻ ይዞራል። የእነርሱ ማብረጃ ሰበቃ ስለ ሆነ፣ ጎማውን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል በባለ ሞላ ሚዛን እየተለካ ይስተካከላል።

አሁን አንባቢ እንዲያስታውስ ወደ ለመንነው ነገር እንመለስ። ክብደቱ 1000 ኪሎ የሆነ አይሮፕላን ከፊቱ ጎማ እስከ ዋናዎቹ ጎማዎች 1.65 ሜትር ርቀት አለው እንበል፤ ይህም የሴስና 172 ርቀት ነው። የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች 33 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢሆን፣ በፊቱ ጎማ ላይ የሚያርፈው 200 ኪሎ ነው። ነጂው ፍሬን ቢረግጥና የፍሬኑ ኃይል የክብደቱን ሦስት አሥረኛ ቢያህል፣ ማዕከሉም ከምድር አንድ ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፣ ሌላ 180 ኪሎ ያህል ወደ ፊት ይተላለፋል። የፊቱ ጎማ ጭነት በእጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ ነጂው በፍርሃት መሪውን ወደ ፊት ቢገፋና ፍጥነቱም ገና ብዙ ቢሆን፣ ክንፉ ዋናዎቹን ጎማዎች ያቀላቸዋል፤ አይሮፕላኑ እንደ ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ በአፍንጫው ላይ ይነዳል። ያ ራስን የማቅናት ጠባይ ጠፋ፤ ጥቂት ነፋስ ሲመታው በፊቱ ጎማ ዙሪያ ይሽከረከራል። የታጠፈ ፕሮፔለርና ከሞተሩ በስተኋላ የተጨማደደ ግድግዳ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። እንዲህ ያለው ጥፋት የመካኒኩ አይደለም። ነጂው በዋናዎቹ ጎማዎች አርፎ፣ መሪውን ወደ ራሱ እንደ ያዘ፣ አፍንጫው በገዛ ጊዜው እንዲወርድ መተው ይገባዋል። ጎማው በሚረገብበት ጊዜም መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ መሪውን ስቦ የፊቱን ጎማ ማቅለልና ፍሬን ሳያበዙ ፍጥነቱን ማብረድ ነው።

የቀረን የደጋው ነገር ነው። የአዲስ አበባ የአይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ መሣሪያው 60 ኖት ሲያሳይ አይሮፕላኑ ነፋስ በሌለበት ቀን በምድር ላይ የሚሮጠው 67 ኖት ያህል ነው፤ በሞቃት ቀን ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ሊጠፋ የሚገባው የሩጫ ኃይል በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ይጨምራል። ነጂው በመሣሪያው ላይ የሚያየው ቍጥር አንድ ስለ ሆነ ልዩነቱ አይሰማውም፤ ጎማው ግን ያውቀዋል። በቆላው ሜዳ ሊርገበገብ ከሚጀምርበት ፍጥነት በታች ሆኖ የሚነካ ጎማ፣ በደጋው ሜዳ ያንኑ ፍጥነት አልፎ ምድር ይነካል።

የጓደኛችንም ምሥጢር ይኸው ሆኖ ተገኘ። «መቼ ጀመረ?» ብለን ስንጠይቀው «አፍንጫው ከነካ በኋላ፤ መሪውን ስስብ ይቀንሳል» አለን። ፍሬኑም ነፋሱም ንጹሕ ሆኑ። በአይሮፕላኑ መዝገብ ላይ ማብረጃው በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ እንደ ተለወጠ ተጽፏል፤ መቀሱ ስለ መታየቱ ግን አንድ መሥመር እንኳ አልነበረም። ሽማግሌው መካኒክ ጅራቱን አስረው አፍንጫውን አስነሡና ከመካከላችን ሁለቱ ጎማውን ይዘን እንድናወዛውዝ አዘዙን። የታችኛው ክፍል ለብቻው ሲዞር ሁላችንም አየነው። ቦኮላዎቹ ተበልተው ሞላላ ሆነው ነበር። እርሳቸው ቦኮላውንና አንዱን ቡሎን ለወጡ፤ የጎኑን ክፍተት በሮንዴላ ሞሉ፤ የጎማውን አየርም 6 ፓውንድ ጐድሎ ስላገኙት አስተካከሉ። ማብረጃውን አልነኩትም።

በማግሥቱ ጠዋት ጓደኛችን ከአስተማሪው ጋር ወጥቶ አምስት ጊዜ አረፈ። እኛ ከሜዳው ዳር በሣሩ ላይ ቆመን የፊቱን ጎማ ስንመለከት፣ በአራተኛው ላይ ብቻ፣ አፍንጫውን ፈጥኖ ስላወረደው፣ አንድ ጊዜ ንቅንቅ ብሎ ጸጥ አለ። አስተማሪውም ከወረዱ በኋላ «አራተኛው ያንተ ነው፤ የቀድሞዎቹ ግን ያንተ አልነበሩም» አለው። በሳምንቱ ብቻውን በረረ።